«እርግጠኛ ነሽ እማዬ?»

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ነገሩ የተጀመረው በሸረሪት ነው። መጽሐፍ እያገላበጥን «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። «ሸረሪት ናት፤ ከነፍሳት አንዷ ናት» አልኳት፣ ብዙም ሳላስብበት። በማግስቱ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «እማዬ ተሳስተሻል! ቲቸር ሸረሪት ነፍሳት አይደለችም ብላለች። እግሯ ስምንት ነው» አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ግን የምነግራትን ሁሉ «እርግጠኛ ነሽ እማዬ?» እያለች ታፋጥጠኛለች። አንዳንዴማ ፊት ለፊቴ «ቆይ ቲቸርን ልጠይቃት» ትላለች። እንግዳ ባለበት ስትለኝ መግቢያ ነው የሚጠፋኝ።

የሚገርመው፣ እኔን እንዲህ የምትመረምር ልጅ የወንድሜ ልጅ የሚላትን ሁሉ እንዳለ ትቀበላለች። እሱ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። የፍሬ ዘር የዋጠ ሰው ሆዱ ውስጥ ዛፍ ይበቅልበታል ብሏት፣ ሰሞኑን ፍራፍሬ ስሰጣት እየፈተሸች ነው የምትበላው። «አይበቅልም» ስላት መልሷ «እሱ ነግሮኛል» ነው። በቃ።

አማቴ ጥፋቱ ያንቺ ነው ይሉኛል። «ልጅ ፊት አላውቅም፣ ተሳስቻለሁ አይባልም። አንዴ ከናቀችሽ አለቀልሽ» ነው የሚሉት። እውነቱን ለመናገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ስልኬን አልለቅ ስትለኝ «ተበላሽቷል» እላታለሁ። ስወጣ እንዳታለቅስ «አሁን መጣሁ» ብያት ማታ እመለሳለሁ። ይህቺው ልጅ ነገ የማታውቀው ሰው ቢያታልላትስ ብዬም እሰጋለሁ።

በእኔ ላይ ያላት እምነት ጠፍቶ ይሆን? ማንን ማመን እንዳለባት እንዴት ነው የማስተምራት? ቲቸሯንስ «የኔን ስህተት ከማረምሽ በፊት ለእኔ ንገሪኝ» ልበላት?

የሸረሪቷ እናት

መልስ

የኔ እህት፣ ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ ጭንቀትሽን ላቅልልሽ። ልጅሽ አልናቀችሽም፤ እምነቷም አልጠፋም። ቢጠፋማ ኖሮ አትጠይቅሽም ነበር። ዝም ብላ ወደ ሌላ ሰው ትዞር ነበር። «እርግጠኛ ነሽ?» የሚባለው መልሱ ቁም ነገር ነው ተብሎ ለሚታሰብ ሰው ነው።

እስቲ አስቢው። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ከምታውቀው ነገር ስንቱን በራሷ ዓይን አይታ አወቀችው? የዕቃዎችን ስም ሰው ነው የነገራት። የተወለደችበትን ቀን ሰው ነው የነገራት። ምድር ክብ መሆኗን፣ እጇ ላይ ጀርም የሚባል የማይታይ ነገር መኖሩን፣ አያቷ አንድ ጊዜ እንደ እሷ ልጅ እንደነበሩ፣ ሁሉንም የሰማችው ከሰው ነው። አንዱንም ሄዳ ልታጣራ አትችልም። ነገሩን ማጣራት ካልተቻለ የሚቀረው ነጋሪውን ማጣራት ነው። ልጅሽ ይህን ነው የያዘችው።

ልጆች ይህን ማጣራት እንዴት እንደሚያደርጉት ተመራማሪዎች ከ20 ዓመት በላይ ሲከታተሉት ቆይተዋል። በብዛት የሚጠቀሰውን ሙከራ ሜሊሳ ኮኒግ፣ ፋብሪስ ክሌማን እና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሃሪስ በ2004 እ.ኤ.አ. ነው ያሳተሙት (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሠራሩ ቀላል ነው። ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች ፊት ሁለት ሰዎች ይቀርባሉ። ልጁ አሳምሮ የሚያውቀው ዕቃ ይወጣል፤ ኳስ ነው እንበል። አንደኛዋ «ይሄ ኳስ ነው» ትላለች። ሁለተኛዋ ምንም ሳይመስላት «ይሄ ጫማ ነው» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ጥቂት ዕቃዎችን ይጠራሉ። ከዚያ ልጁ በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ነገር ይመጣል። ሁለቱም ለዚያ ዕቃ የየራሳቸውን ስም ይሰጡታል። ልጁ የማንን ይወስዳል?

ማን እንደተሳሳተ የለዩት ልጆች ትክክል ስትናገር የነበረችውን መረጡ። ኳሱን ጫማ ያለችውን አልረሱላትም። ማንም «እሷን እንዳታምኑ» አላላቸውም። ራሳቸው ናቸው ልብ ያሉት።

አሁን ልብሽ «በቃ፣ እኔም ሸረሪቷን ተሳስቻለሁና አለቀልኝ» ሊል ይችላል። የለም። እዚህ ላይ ዕድሜ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በ2007 የወጣ ተከታይ ጥናት ላይ ነጋሪዎቹ ሁልጊዜ ትክክል ወይም ሁልጊዜ ስህተት እንዳይሆኑ ተደረገ። አንዱ አልፎ አልፎ ይሳሳታል፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የሦስት ዓመት ልጆች የተሻለው ሰውዬ አንዴ እንኳ ሲሳሳት ካዩ ግራ ይገባቸው ነበር። አራት ዓመት የሆናቸው ግን ብዛቱን ይመዝናሉ። ማን አብዝቶ ትክክል እንደሆነ ያዩና ወደዚያ ያደላሉ። ልጅሽ አራት ከመንፈቅ ናት። ደብተር ያዢ ሆናለች ማለት ነው፤ በዚያ ደብተር ላይ ደግሞ አንቺ ትክክል የተናገርሽባቸው ሺህ ነገሮች አሉ። አንዲት ሸረሪት አታጠፋቸውም።

ታዲያ ለምን ትጠይቅሻለች? ይህን ትንሽ ላብራራው፤ የጥያቄሽ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ1983 ሃይንዝ ቪመር እና ዮሴፍ ፐርነር የሚባሉ ተመራማሪዎች ለልጆች አንድ ታሪክ ነገሩ። አንድ ልጅ ቸኮሌቱን አንዱ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል። እሱ በሌለበት እናቱ ወደ ሌላ ቁምሳጥን ታዛውረዋለች። ልጁ ሲመለስ የት ይፈልገዋል? ትንንሾቹ «አሁን ያለበት ጋ» ይላሉ። እነሱ የሚያውቁትን ሁሉም ሰው የሚያውቅ ይመስላቸዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ልጆች ቀስ በቀስ «መጀመሪያ ያስቀመጠበት ጋ» ማለት ይጀምራሉ። ያ ልጅ ተሳስቶ እንደሚያስብ፣ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውና መሬት ላይ ያለው ነገር ሊለያዩ እንደሚችሉ ይገባቸዋል።

ይህን ወደ ቤትሽ አምጪው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለልጅሽ አንቺ ያልሽው ነገር እና እውነቱ አንድ ነበሩ። አሁን «እማዬም የምታስበው ነገር ስህተት ሊሆን ይችላል» የሚል ትልቅ ነገር ተገልጦላታል። ሸረሪቷ አጋጣሚ ሆነች እንጂ ያለ እሷም መምጣቱ አይቀርም ነበር። ልጅ ደግሞ አዲስ ነገር ሲያገኝ እስኪሰለቸው ይሞክረዋል። ማብሪያ ማጥፊያ መጫን የለመደ ሕፃን መብራቱን ስንቴ እንደሚያጠፋ አይተሻል። ስድብ መስሎ የተሰማሽ «እርግጠኛ ነሽ?» ከዚያ ብዙም አይለይም።

የእናት ነገር ግን ከማንም ነጋሪ ይለያል። እዚህ ላይ አንድ በጣም የምወደው ጥናት አለ። ካትሊን ኮሪቮ፣ ፖል ሃሪስ እና ባልደረቦቻቸው በ2009 ነው ያሳተሙት። ልጆቹ ገና 15 ወር ሳሉ ከእናታቸው ጋር ያላቸው ቁርኝት ተመዝግቦ ነበር። አራትና አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተመልሰው ተጠሩ። ሥዕል ይቀርብላቸዋል፤ ሁለት እንስሳ ተቀላቅሎ የተሠራ፣ ለምሳሌ እኩል ላም እኩል ፈረስ። እናት አንዱን ስም ትጠራለች፣ የማያውቋት ሴት ሌላውን። በሌላ ዙር ደግሞ ሥዕሉ በአብዛኛው አንዱን እንስሳ ይመስላል፤ እናት ግን በማይመስለው ስም ትጠራዋለች።

በእናታቸው ላይ ልባቸው ያረፈ ልጆች ምን አደረጉ? ሥዕሉ እኩል ሲሆንና ዓይናቸው መወሰን ሲያቅተው ከእናታቸው ጋር ሆኑ። ሥዕሉ በግልጽ ሌላ ሲመስል ግን ዓይናቸውን አመኑ፤ እናታቸውን ትተው የማያውቋትን ሴት ቃል ወሰዱ። ከእናታቸው መራቅን የለመዱ ልጆች በመጀመሪያውም ዙር ለእናታቸው ቃል የተለየ ቦታ አልሰጡም። ከእናታቸው ጋር ሲሆኑ የሚጨነቁና የሚጣበቁት ደግሞ ዓይናቸው ሌላ እያሳያቸው እንኳ እናታቸው ያለችውን ይዘው ቀሩ።

እናትን አንዳንዴ «ኧረ እማዬ!» ማለት የሚችለው፣ ቢላትም ምንም እንደማይቀርበት የሚያውቅ ልጅ ነው። አንቺን ያስደነገጠሽን ነገር እኔ ከጤና ነው የምቆጥረው። እንግዳ ፊት ሲሆን እንደሚያሳፍር ይገባኛል። እንግዳው ግን ይሄዳል።

(ጥያቄው ከፍርሃት ጋር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እያለቀሰች፣ እንቅልፍ እየነሳት፣ መልሱን ሰጥተሻትም እፎይ ሳትል ደግማ ደጋግማ «እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ ነሽ?» የምትል ከሆነ የሕፃናት ሐኪም አማክሪ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ግን ልጅሽ ጨዋታ ላይ ናት።)

አሁን ወደ አማትሽ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከልምድ ነው የተናገሩት፤ የሚሉት ነገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ መሠረት የሌለው አይደለም። ልጆች አላዋቂነትንም ልብ ይላሉ። አንዱ የዕቃውን ስም ሲጠራ ሌላው «እንጃ» ካለ፣ ለቀጣዩ ጥያቄ ወደሚያውቀው ነው የሚሄዱት። የሚጠራጠር ሰውንም ይለያሉ። «ይመስለኛል»፣ «እንጃ ምናልባት» እያለ ትከሻውን እየነቀነቀ የሚናገር ሰው የሰጠውን አዲስ ስም፣ በልበ ሙሉነት የተናገረ ሰው የሰጠውን ያህል አይቀበሉም። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ «አላውቅም» ብሎ ዝም ማለት በእርግጥ ልጅቷን ወደ ሌላ ሰው ይመራታል።

ግን ሁለቱን እናነጻጽር፤ «አላውቅም» ያለ ሰው እና አውቃለሁ ብሎ የተሳሳተ ሰው። ታማር ኩሽኒር እና ሜሊሳ ኮኒግ በ2017 ይህንኑ ፈትሸዋል። ልጆች ቀደም ሲል «አላውቅም» ያለውን ሰው በሌላ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ሲናገር ተቀበሉት። በድፍረት የተሳሳተውን ግን አልተቀበሉትም። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። መንገድ የጠየቅሽው ሰው «አላውቀውም» ካለሽ አትቀየሚውም። በልበ ሙሉነት ወደ ግራ ልኮሽ ግማሽ ሰዓት በከንቱ ያስኬደሽን ነው የማትረሺው።

እንግዲህ የአማትሽን ምክር ግማሹን ያዥ፣ ግማሹን በአክብሮት ተዪው። «አላውቅም» ብለሽ አታቁሚ። «አላውቅም፣ ቆይ አብረን እንየው» በይ። የምታውቂውን በሙሉ ድምፅ ተናገሪ። የምትገምቺውን «ይመስለኛል» በይ፣ እውነትም ሲመስልሽ ብቻ። እነዚህን ሦስቱን ሳትቀላቅይ ከያዝሻቸው ልጅሽ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከድምፅሽ መለየት ትጀምራለች፤ «እርግጠኛ ነሽ?» ማለቱም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም መልሱን አስቀድመሽ ነግረሻታል።

የሸረሪቷን ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አስተካክዪው። «ስቄ አለፍኩት» ያልሽው ነው እኔን ትንሽ የቆረቆረኝ። ልጅቷ ትልቅ ዜና ይዛ ነው የመጣችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በልጅ ፊት ግን ይታሻል፣ ያውም በደቂቃ። መጽሐፉን አውጪና «ቲቸር ልክ ናት፣ እስቲ እንቁጠር» በያት። ጣቷን እግሩ ላይ እያስቀመጠች ትቁጠር። ስምንት። ከዚያ የንብ ወይም የጉንዳን ሥዕል ፈልጉና እሱንም ቁጠሩ። ስድስት። የንቧ ሰውነት ጭንቅላት፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ የሸረሪቷ በሁለት ነው። ሸረሪት የምትመደበው ከጊንጥና ከመዥገር ጋር ነው። ይሄንን ለቲቸሯ ይዛ ትሂድ። ከዚህ ከቁጥሩ የምታተርፈው አንድ ነገር አለ። ቲቸርም እማዬም ሳትሆን እግሮቹ ራሳቸው መልስ የሚሰጡበት ጊዜ እንዳለ ታያለች።

ወደ ወንድምሽ ልጅ ልሂድ። እሱን በማመኗ አትገረሚ። ልጆች ትልቅ ሰው ሁሉን ያውቃል ብለው አያስቡም፤ የትኛውን ነገር ማን ያውቀዋል የሚለውን ከፋፍለው ይይዛሉ። በ2009 የወጣ ጥናት ላይ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ስለ መጫወቻ ማንን እንደሚጠይቁ ሲጠየቁ ልጅን፣ ምግብ ለጤና ይጠቅማል ወይ ለሚለው ግን ትልቅ ሰውን መርጠዋል። በሌላ ሙከራ ደግሞ ሲሳሳት የቆየ ትልቅ ሰውና ትክክል ሲናገር የቆየ ልጅ ቀርበውላቸው ወደ ልጁ አዘነበሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ለአራት ዓመቷ ልጅ ትልቅ ባለሥልጣን ነው። መዝለል ያውቃል፣ ጫማውን ያስራል፣ ጥርስ ነቅሏል። በብዙ ነገር ልክ ሆኖ አግኝታዋለች። ሆድ ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ ከፍታ ማየት አትችልም። ያላት የሰው ቃል ብቻ ነው።

«ውሸቱን ነው፣ አትስሚው» ካልሻት ከሁለት የምትወዳቸው ሰዎች አንዱን እንድትጥል እያስገደድሻት ነው። ደብዳቤሽ ላይ «አይበቅልም» ስላት ነው ያልሽው። «አይበቅልም» ብቻ ምክንያት አይደለም። ልጆች ደግሞ ምክንያት ያለውና የሌለው መልስ ይለያሉ። «ዝናብ ለምን ይዘንባል? ከሰማይ ውኃ ስለሚወርድ» ዓይነት፣ በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከር መልስ የሰጠን ሰው፣ በተለይ አምስት ዓመት ላይ ሲደርሱ፣ ምክንያት ከሰጠው ሰው ዝቅ አድርገው ነው የሚያዩት። መልስ ያላረካው ልጅ ወይ ጥያቄውን ይደግማል ወይ ምክንያቱን ራሱ ይፈጥራል። ማለቂያ የሌለው «ለምን? ለምን?» ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

እንዲህ ብትያትስ? «ዘር እንዲበቅል አየር ይፈልጋል፣ እርጥበት ይፈልጋል፣ ጊዜም ይፈልጋል። ሆድሽ ውስጥ ግን የገባውን የሚፈጭ አሲድ አለ። ያልተፈጨውም ብዙ ሳይቆይ ይወጣል፣ በየት እንደሆነ ታውቂያለሽ።» እዚህ ላይ ትስቃለች፤ ትሳቅ። ከዚያ ወፎችን ንገሪያት። ወፎች ዘር ይውጣሉ፤ ዛፉ የሚበቅለው ግን ዘሩ ከወፏ ከወጣ በኋላ፣ መሬት ሲያገኝ ነው። ስንት ወፍ ዛፍ ተሸክማ ስትበር አይታለች? ከዚህ በኋላ የወንድምሽን ልጅ ራሷ ታስተምረው። እሱም «ማን ነገረሽ?» ማለቱ አይቀርም።

«እንዴት አወቀ?» የሚለውን ጥያቄ ለቤቱ ሁሉ አስለምጂ። «አይቶ ነው? ወይስ ሰምቶ?» በቁጣ ሳይሆን እንደ ቀልድ። ለአንቺም ጭምር ይሠራ። ማንን ማመን እንዳለባት እንዴት ላስተምራት ላልሽኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የስም ዝርዝር አትስጫት።

እስካሁን ስላልነካሁት ነገር፣ ስለ ስልኩ እና ስለ «አሁን መጣሁ»። ከሸረሪቷ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ሸረሪቷን ተሳስተሽ ነው የተናገርሽው። ስልኩ እንዳልተበላሸ ግን ታውቂያለሽ፤ እሷም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲጠራ ትሰማለች።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ፣ ቼልሲ ሄይስ እና ሌስሊ ካርቨር በ2014 ይህን ፈተኑ። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 የሆኑ 186 ልጆች ነበሩ። ግማሾቹ «እዚያኛው ክፍል ትልቅ ሳህን ሙሉ ከረሜላ አለ» ተባሉ፤ ሲገቡ ግን ከረሜላ የለም። ተመራማሪዋ «ለጨዋታ እንድትመጣ/ጪ ብዬ ነው» ብላ አመነች። ቀጥሎ ከጀርባቸው መጫወቻ ይቀመጥና በድምፁ ብቻ እንዲለዩት ይጠየቃሉ። መሃል ላይ ሴትየዋ «ዞረህ እንዳታይ» ብላ ወጣ ትላለች። ትንንሾቹ ላይ ልዩነት አልታየም። ትምህርት ቤት የገቡት ግን፣ ካልተዋሹት መካከል 60 በመቶ ያህሉ ዞረው አዩ፣ ካዩትም 60 በመቶ ያህሉ «አላየሁም» ብለው ዋሹ። ከተዋሹት መካከል ወደ 80 በመቶ የሚጠጉት አዩ፣ ካዩት ደግሞ 90 በመቶ የሚጠጉት ዋሹ።

ልጅሽ በቅርቡ ወደዚያ ዕድሜ ትገባለች። ስለዚህ ስልኩን መከልከል ካለብሽ ከልክያት። «ስልኩ ደህና ነው፤ ግን አሁን አልሰጥሽም» በያት። ታለቅሳለች። ልቅሶው ያልፋል። ስትወጪም «ጨለማ ሲሆን እመጣለሁ» በያት። በሩ ላይ ብታለቅስም፣ ጨለማ ሲሆን በሩ ሲከፈት ቃልሽ ልክ ይሆናል። ደብተሯ ላይ የሚጻፈው ይሄ ነው።

ሌላ ሰው ቢያታልላትስ ላልሽው፣ እዚህ ላይ ላረጋጋሽ አልችልም። ልጆች ስህተትን በመለየት ጎበዝ ናቸው፣ ተንኮልን በመለየት ግን አይደሉም። ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ቪክራም ጃስዋል እና ባልደረቦቹ በ2010 እንዳሳዩት፣ የሦስት ዓመት ልጆችን አንድ ትልቅ ሰው ስቲከሩ የሌለበትን ኩባያ እየጠቆመ «እዚህ ስር ነው» ሲላቸው ደጋግመው ይከተሉታል። እያሳሳታቸው፣ እያዩ፣ እንደገና። በቃል መናገሩን ትቶ ቀስት ብቻ ሲያስቀምጥ ግን ቶሎ ይነቃሉ። የሰው ቃል ለእነሱ ከባድ ሚዛን አለው። ሌላ ጥናት ደግሞ ሰው ሲረዳና ሰው ሲያሳስት የታዩ ሰዎችን አቅርቦ ነበር፤ የሦስት ዓመት ልጆች ሁለቱንም እኩል አመኑ፣ ረዳቱን በግልጽ የመረጡት አምስት ዓመት የሆናቸው ናቸው። ሲብስ ደግሞ ፊቱ ደግ የሆነ የማያውቅ ሰውና የሚያውቅ ግን ክፉ ሰው ከቀረበላቸው ወደ ደጉ ያደላሉ።

ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ «መጥፎ ሰው» ለይታ ራሷን ትጠብቃለች ብለሽ አትመኪ። አታላይ ፈገግ ብሎ ነው የሚመጣው። ጥበቃው የእናንተ የትልልቆቹ ሥራ ነው። ለእሷ ሰውን እንድትመዝን የማያስገድዳት አጭር ሕግ ስጫት፦ ማንም ይሁን ማን፣ ዘመድም ቢሆን፣ ከእኔ ወይም ከአባትሽ ሳትጠይቂ ይዞሽ አይሄድም፤ «ለእማዬ እንዳትነግሪ» ያለሽ ሰው ካለ የዚያኑ ቀን ትነግሪኛለሽ፣ እኔም አልቆጣሽም። አልቆጣሽም ካልሻት ደግሞ አትቆጪ፤ የምትነግርሽ ነገር ቢያስደነግጥሽም።

ቲቸሯን «ከማረምሽ በፊት ንገሪኝ» ልበላት ወይ ላልሽው፣ እባክሽ አትበያት። መምህርቷ ልጅሽ ቤት ውስጥ ምን እንደምትሰማ አታውቅም፣ ልታውቅም አትችልም፤ ስለ ሸረሪት ለክፍሉ ሁሉ ነው ያስተማረችው። ከዚያ ይልቅ ልጅሽን ስታደርሺ ሁለት ደቂቃ ቆም በይና ዘሩንና ወፎቹን ንገሪያት። በክፍሏ ስለ ዘር ስታስተምር ምናልባት ሆዳቸው ውስጥ ዛፍ እንዳይበቅል የሚፈሩ ሌሎች ልጆችም ታገኝ ይሆናል።